ስለ ቫርና ስለ ዋንጫ ጨዋታ በቅጡ ለመከራከር

መጀመሪያ ሁለት ጎሎችን ያዙልኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2024፣ ዌምብሌይ፣ የእንግሊዙ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ። ማንቸስተር ዩናይትድ ከቻምፒዮንሺፑ (ከሁለተኛው የሊግ እርከን) ኮቨንትሪ ጋር ገጥሞ 3 ለ 0 ይመራል። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ኮቨንትሪ ሦስቱንም መለሰ፤ ሦስተኛዋ የገባችው በባከነ ሰዓት በፔናልቲ ነው። ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ቪክቶር ቶርፕ አራተኛዋን አገባ። የኮቨንትሪ ደጋፊ አበደ፣ ተቃቀፈ፣ አለቀሰ። ከዚያ ቫር (ምስል እያየ የሜዳውን ዳኛ የሚረዳው የቪዲዮ ዳኛ) ገባና ኳሷን ለቶርፕ ያቀበለው ሃጂ ራይት በእግር ጣቱ ጫፍ ጨዋታ ውጪ (ኦፍሳይድ) ነበር ተባለ። ጎሏ ተሻረች። ዩናይትድ በመለያ ምት አለፈ፣ በፍጻሜውም ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ሁለተኛው፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ የኤፍኤ ካፕ አራተኛ ዙር። ዩናይትድና ሌስተር 1 ለ 1 ናቸው። በ93ኛው ደቂቃ የዩናይትዱ ሃሪ ማጓየር በጭንቅላት ገጨና አገባ። ከተከላካዮቹ ቀድሞ እንደነበር ድጋሚ ምስሉን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ መስመርም ማስመር አያስፈልግም። ግን በዚያ የውድድር ዓመት ኤፍኤ ካፕ ላይ ቫር የሚጀምረው ከአምስተኛው ዙር ነበር። ጎሏ ጸደቀች፣ ሌስተር ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ እዩት። ያው አንዱ ቡድን አንድ ዓመት ቫር ስለነበረ ተረፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቫር ስላልነበረ አለፈ። "ቫር ኳስን ገደለ" የሚል ሰው ለሌስተር መልስ ሊኖረው ይገባል። "ቫር ባይኖር ኖሮ ግፍ ነው" የሚልም ለኮቨንትሪ። ለሁለቱም መልስ ሳትይዙ ክርክር ውስጥ አትግቡ።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሰው ስለ ቫር የማይግባባው ብዙ ጊዜ በሐሳብ ስለተለያየ አይደለም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። አንዱ "ውሳኔው ልክ ነው" ይላል። ሌላው "ጨዋታውን አበላሸው" ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን የተቃረኑ ይመስላቸውና ድምፅ መጨመር ይጀምራሉ። ስለዚህ ነገሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት። ሕጉ ምን ይላል? ውሳኔው የተሰጠበት መንገድ ደህና ነበር ወይ? እኛ ተመልካቾችስ ምን አገኘን፣ ምን አጣን?

የኮቨንትሪን ጎል በዚህ አስኪዱት። ሕጉ ላይ የዩናይትድ ደጋፊ ያሸንፋል። ከጭንቅላት፣ ከሰውነት ወይም ከእግር የትኛውም ክፍል ከኳሱም ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይም ካለፈ ጨዋታ ውጪ ነው። እጅ አይቆጠርም፣ ጣት ጫፍ ግን ይቆጠራል። ሕጉ "ትንሽ ጨዋታ ውጪ" የሚባል ነገር አያውቅም። እዚህ ላይ ኮቨንትሪን ይዛችሁ አትድረቁ፣ ትሸነፋላችሁ።

መንገዱ ላይ ስትመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ጨዋታ ውጪን በካሜራ የሚለየው ከፊል አውቶማቲኩ ቴክኖሎጂ አልገባም። ኳሱ ከእግር የወጣበትን ምስል የሚመርጠውም መስመሩን የሚያስቀምጠውም ሰው ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ በሰከንድ 50 ምስል ያነሳል ብላችሁ አስሉት። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል 16 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ጉዳዩ የጣት ጫፍ ሲሆን፣ የትኛው ምስል ተመረጠ የሚለው ራሱ ውሳኔ ነው። የኮቨንትሪ ደጋፊ ይዞ መቆም ያለበት እዚህ ጋ ነው። ውሃ የሚያነሳ ክርክር ነው፣ ማንም በቀላሉ አያፈርሰውም።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ ማንም ማንንም ማሸነፍ አያስፈልገውም። ከ3 ለ 0 ተነስቶ፣ ዌምብሌይ ላይ፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ያውም በፕሪሚየር ሊግ ቡድን ላይ የመጣ ደስታ ከሰው አፍ ተነጠቀ። ውሳኔው ልክ ሆነም አልሆነ ያ የሆነ ነገር ነው። "ሕጉ ነው" ብሎ ማለፍ የሚቻል አይደለም።

ቫር የሚነካውንና የማይነካውን እወቁ

ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። በ2018 ቫር በኳስ ሕግ ውስጥ ሲጻፍ የተፈቀደለት አራት ነገር ነበር፦ ጎል፣ ፔናልቲ፣ ቀጥታ ቀይ ካርድ፣ ዳኛው ለተሳሳተ ሰው ካርድ ሲሰጥ። የእጅ ውርወራ ለማን ነበር፣ መሐል ሜዳ ላይ ያቺ ፋውል ለምን ታለፈች፣ እነዚህ አይገቡበትም። "ቫር የት ነበር?" ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ነገሩ የእሱ ሥራ መሆኑን እዩ። ሕጉ በየዓመቱ ይሻሻላል፣ ማሻሻያውም በጁላይ ወር መጀመሪያ ሥራ ላይ ይውላል፤ አምና የያዛችሁትን ዘንድሮ እንዳለ አትድገሙት።

ሌላው፣ ቫር ዳኛውን የሚያስቆመው ስህተቱ ግልጽና የማያሻማ ሲሆን ነው። ስለዚህ "ለእኔ ፔናልቲ ነበር" ማለት አይበቃም። ጥያቄው የዳኛው ውሳኔ ማንም የማይከራከርበት ስህተት ነበር ወይ የሚል ነው። ጨዋታ ውጪ ግን ከዚህ ወጣ ይላል። የቦታ ጉዳይ ስለሆነ ቀድሟል ወይም አልቀደመም፣ መሐል የለውም። የማጓየር አንድ ሜዳ የሚያህል፣ የራይት ጣት የምታህል ብትሆንም በሕጉ ዘንድ እኩል ናቸው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። "ጣት እንዴት ግልጽ ስህተት ይባላል?" ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀው፣ መልሱ ይሄ ነው።

አንድ በጣም የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ድጋሚ ምስል ስታዩ ፍጥነቱን ልብ በሉ። የቫር አሠራር ራሱ የሚለው፣ ኳሷ የት ነካች፣ እግሩ የት አረፈ የሚለውን ለማየት ቀስ ያለ ምስል ተጠቀሙ፣ የግጭቱን ኃይልና የእጅን ሁኔታ ለመዳኘት ግን መደበኛውን ፍጥነት እዩ ነው። ቀስ ሲል ሁሉም ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ተራ ሸርተቴ ጭካኔ ይመስላል። አጠገባችሁ ያለው ሰው "ኧረ ባክህ ወንድሜ፣ ቀይ ነው እኮ ይሄ!" ሲላችሁ በየትኛው ምስል አይቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ቴሌግራም ላይ የሚዞር ስክሪንሾት ላይ በስልክ ቀይ መስመር አስምሮ የሚመጣውን ደግሞ ከነጭራሹ አትቀበሉት። ካሜራው ሜዳውን ከጎን፣ በሰያፍ ነው የሚያየው። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ አይደለም። አንዱ ትከሻ ሌላው እግር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

በምሳሌ እንሞክረው

ሜይ 17 ቀን 2025፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ክሪስታል ፓላስና ማንቸስተር ሲቲ። ኤቤሬቺ ኤዜ በ16ኛው ደቂቃ አግብቶ ፓላስ 1 ለ 0 ይመራል። ትንሽ ቆይቶ የሲቲው ሃላንድ ወደ ረጅም ኳስ ሲሮጥ የፓላሱ በረኛ ዲን ሄንደርሰን ወጣና ከሳጥኑ ውጪ ኳሷን በእጁ ገፋት። ዳኛው ዝም አለ። ቫር አየና የንክኪው ቦታ ከሳጥን ውጪ ቢሆንም ግልጽ የጎል ዕድል አላሳጣም ብሎ አለፈው። ቀይ የለም። ያው ሄንደርሰን ቆይቶ የማርሙሽን ፔናልቲ አዳነ፣ ፓላስም በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አነሳ።

እዚህ ላይ "ዘረፋ ነው" ወይም "ምንም አልነበረም" ብሎ መጮህ ቀላል ነው። በቅጡ መከራከር የሚፈልግ ግን ሕጉ የሚያያቸውን አራት ነገሮች አንድ በአንድ ያነሳል። ከጎሉ ምን ያህል ይርቃል? አቅጣጫው ወደ ጎል ነው ወይስ ወደ ጎን? አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ተከላካዮች የት ናቸው፣ ስንት ናቸው? የቫር መልስ ያረፈው አቅጣጫው ላይ ነው፤ ኳሷ ከጎሉ እየራቀች ወደ ጎን ትሄድ ነበር አሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ሃላንድ ኳሷን ቢያገኛት ፊቱ ላይ በረኛ የለም፣ አንድ ንክኪ ይበቃው ነበር። ቀይ ነበር ባይ ነኝ። ግን "አቅጣጫው ወደ ጎን ነበር" የሚለኝን ሰው አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚያወራው ስለ ሕጉ ነው፣ ስለ ማሊያው አይደለም።

እንደዚህ ስትከራከሩ የሚገርም ነገር ይመጣል፤ የማታውቁት ሰው ጋ ሃያ ደቂቃ ትቆያላችሁ፣ ማንም ማንንም አይሰድብም።

የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለዩ

"ቫር ተሳሳተ" ስትሉ ማሽኑ ነው፣ ሰው ነው፣ ወይስ ሕጉ? ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሊቨርፑልን ሲገጥም ሉዊስ ዲያዝ ያገባት ጎል በመስመር ዳኛው ባንዲራ ተሻረች። የቫር ክፍሉ አየው፤ ዲያዝ ልክ ነበር። ችግሩ የቫሩ ዳኛ ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ጎል የመሰለው መሆኑ ነው። "ተረጋግጧል" አለ። ሜዳ ላይ ያሉት ደግሞ ጨዋታ ውጪው ተረጋገጠ ብለው ሰሙት። ኳስ ተጀመረ፣ ከተጀመረ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ሕጉ አይፈቅድም። ሊቨርፑል በመጨረሻ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ የዳኞቹ ድርጅትም ከባድ የሰው ስህተት ነው ብሎ አመነ፣ ድምፁንም አወጣው። መስመሩ ልክ ነበር፣ የተበላሸው ንግግሩ ነው። ያንን ይዞ "ቴክኖሎጂው አይሠራም" ማለት ሌላ ነገር ነው።

የእኛው አህጉርም ከዚህ የባሰ አለው። ሜይ 31 ቀን 2019፣ ቱኒዝ አቅራቢያ ራደስ ስታዲየም፣ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ። የቱኒዚያው ኤስፔራንስ 1 ለ 0 ይመራል። የሞሮኮው ዋይዳድ ተጫዋች ዋሊድ ኤል ካርቲ በጭንቅላት አቻ አደረገ፣ ጨዋታ ውጪ ተባለ። ድጋሚ ምስሉ ላይ ግን ጨዋታ ውጪ አይመስልም። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይ አሉ። ቫሩ አይሠራም! ዋይዳዶች አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጠበቀ፣ በመጨረሻ ዳኛው ፉጨት ነፋ፣ ኤስፔራንስ አሸናፊ ተባለ። ካፍ ጨዋታው ይደገም ብሎ ነበር፣ ጉዳዩ እስከ ስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዋንጫው ግን እዚያው ቱኒዝ ቀረ። ስለ ቫር ክፋት ስታወሩ ይቺን አትርሱ። አለ ተብሎ ሲታመን በሌለበት ቀን የሚመጣው ጉዳት ከሁሉም ይብሳል።

የዋንጫ ደስታ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። "የዳኛ ስህተት የዋንጫ ጨዋታ ቅመም ነው፣ ቫር ቅመሙን ወሰደው" የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። አልስማማም። የጥሎ ማለፍ ደስታ የሚመጣው አንድ ቀን ብቻ ስላለ ነው። ሊግ ላይ ትልቁ ቡድን ዛሬ ቢሸነፍ 37 ሌላ ጨዋታ አለው። ዋንጫ ላይ የለውም። በዚያው 2025 የቻምፒዮንሺፕ መጨረሻ ላይ የነበረው ፕሊማውዝ የፕሪሚየር ሊጉን መሪ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ያስወጣው በዳኛ ስህተት አይደለም፤ በፔናልቲ ያገባትን አንዲት ጎል እስከ መጨረሻው ስለጠበቃት ነው። ዊጋን በ2013 ፍጻሜ ሲቲን በባከነ ሰዓት ሲያሸንፍም እንደዚያው።

ኤፍኤ ካፕ ተጎዳ ካላችሁ እኔ ጣቴን የምቀስረው ሌላ ቦታ ነው። ከ2024/25 ጀምሮ ከአንደኛው ዙር አንስቶ ደጋሚ ጨዋታ ቀርቷል። ድሮ አቻ ከወጣችሁ በሌላው ሜዳ ትደግሙ ነበር። ጃንዋሪ 2005 ላይ ኤክስተር ሲቲ፣ ያኔ ከአራቱ የሊግ እርከኖች እንኳ ወጥቶ በዕዳ የተያዘ ቡድን፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከ67 ሺህ በላይ ሰው ፊት ከዩናይትድ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። ደጋሚው ኤክስተር ላይ ሆነ። 2 ለ 0 ተሸነፉ፣ ግን የሁለቱ ጨዋታዎች ገቢ ዕዳቸውን ለመክፈል ትልቅ እገዛ ሆናቸው። ዛሬ ያው ኤክስተር 0 ለ 0 ቢወጣ የሚጠብቀው ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምት ነው፣ ማታውኑ አልቆ። ትልልቆቹ ቡድኖች ፕሮግራም ተጣበበብን አሉ፣ ከትንንሾቹ ላይ ተወሰደ። ሰው ስለ ጣት ጫፍ ሲጨቃጨቅ ይሄ በዝምታ ማለፉ ያንገበግበኛል። ስለ ዋንጫ ደስታ ክርክር ሲነሳ እባካችሁ ይቺን አንሱ።

ቫር የሚወስደው ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። የሚወስደው የጎሏን ቅጽበት ነው። ጎል ሲገባ ዘሎ መነሳት ቀርቶ አሁን ሰው ዳኛውን ያያል፣ እጁ ጆሮው ላይ መሆን አለመሆኑን። ማርች 1 ቀን 2025 በርንማውዝና ዎልቭስ በአምስተኛው ዙር ሲጫወቱ የአንድ ጎል ማጣሪያ ወደ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ያውም ከፊል አውቶማቲኩ ጨዋታ ውጪ በእንግሊዝ ሲሞከር የመጀመሪያው ዙር ነበር። በ2022 ዓለም ዋንጫ ላይ ያ ቴክኖሎጂ 12 ካሜራና ኳሷ ውስጥ በሰከንድ 500 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነገሩን አፋጥኖት ነበር። በርንማውዝ ላይ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሰው ተደራርቦ ስለነበር ማሽኑ መለየት አቃተውና ወደ እጅ ሥራ ተመለሱ። ስታዲየም ውስጥ ያለ ሰው ስምንት ደቂቃ ምን እየታየ እንደሆነ ሳያውቅ በብርድ ቆመ።

አቋም ያዙ ካላችሁኝ የኔ ይሄ ነው፦ ጨዋታ ውጪውን ለማሽኑ ስጡት፣ ማሽኑ ቶሎ ካልመለሰ የሜዳው ውሳኔ ይጽና። ውሳኔውንም ዳኛው በማይክ ለስታዲየሙ ይናገር። በጃንዋሪ 2025 በካራባኦ ካፕ (በእንግሊዝ ሊግ ካፕ) ግማሽ ፍጻሜ ሞክረውታል፣ የቶተንሃሙ ሶላንኬ ጎል ስትሻር ዳኛው ራሱ ተናገረ፣ ሰማይ አልተደፋም። "ቫር ይጥፋ" ለሚሉ ደግሞ፣ ሐሳቡ ቂልነት አይደለም። ስዊድን በክለቦቿ ደጋፊዎች ተቃውሞ ምክንያት አላስገባችውም። ኖርዌይ ውስጥ በጁላይ 2024 የሮዘንቦርግና የሊልስትሮም ጨዋታ ደጋፊዎች የዓሣ ኬክና የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ ስለወረወሩ ተቋርጧል። እንግሊዝ ላይ ግን በዚያው ዓመት ዎልቭስ ይሻር ብሎ ሲያቀርብ በፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ድምፅ 19 ለ 1 ነው የወደቀው። ይሻር የሚል ሰው እነዚህን ሦስት አገሮች ይዞ ቢመጣ ክርክሩ ሌላ ደረጃ ይወጣል።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ

ቲዎሪው እዚህ ነው የሚፈተነው። ሰው ታጭቋል፣ ሙቀት ነው፣ ግማሹ አርሰናል ግማሹ ዩናይትድ። የሚሠራ ዘዴ ልንገራችሁ። ውሳኔው ከመታወቁ በፊት፣ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ቆሞ እያለ፣ "አንተ ምን ትላለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። በዚያች ሰዓት ሰው እውነቱን ይናገራል። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ሁሉም ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ማሊያውን ቀይሩት። "ይቺው ነገር በእናንተ በኩል ብትሆን?" በሉ። ከልቡ የሚያስብ ሰው ዝም ይላል ወይም ይስቃል። ዝም የማይል ካለ ኪሱን ጠርጥሩ፤ የቤቲንግ ትኬት የያዘ ሰው ጋ ስለ ሕግ አትከራከሩ፣ ብር ያለበት ዓይን ኦፍሳይድ አያይም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ያናግራችኋል።

አዛውንት ካሉ ደግሞ ጠይቋቸው። ቫርም ድጋሚ ምስልም ሳይኖር ኳስ ያዩ ሰዎች ናቸው። "ጋሼ፣ ያኔ እንዴት ነበር የምትተማመኑት?" ብትሏቸው ከማንኛውም ተንታኝ የተሻለ ይነግሯችኋል። ያኔም ጭቅጭቅ ነበር፣ የሚያበቃው ግን ፉጨት ላይ ነበር።

የተሸነፈው ወገን ሕጉን ተቀብሎ "ያማል ግን" ካለ እዚያ ጋ አቁሙ። መልስ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የኮቨንትሪን ደጋፊ "ጣቱን አይተኸዋል?" እያሉ መነዝነዝ ክርክር ሳይሆን ክፋት ነው።

ከሚቀጥለው የዋንጫ ጨዋታ በፊት ደግሞ አንዲት ነገር አጣሩ፦ በዚህ ዙር ቫር አለ ወይስ የለም? ከፊል አውቶማቲኩስ? ውድድሩ በየዓመቱ ይለዋውጠዋል፣ ስታዲየሙም ይለያያል። የማጓየር ጎል ስትገባ ቫርን የጠበቀ ሰው ቢኖር በከንቱ ነበር፣ በዙሩ ውስጥ ጭራሽ አልነበረም።